የትንሹ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ፣ የተጣራ እውነት ነው። ብዋሽ ቀንድ ያብቅልብኝ። እርግጥ ቀንድ ድሮም አለኝ፤ ጭራም አለኝ። የባርሎ ጎሾች ቡድን ጎሽ እኔ ነኝ። በሥራ ቀን ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ በሬ እበልታለሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ራሴ የጎሽ ራስና ቆዳ ለብሼ ደጋፊ ለማሟሟቅ ሜዳ ዳር እዘላለሁ። ትምህርትን በተመለከተ፣ አሥረኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ገብቼ አንድም ጊዜ በወጉ አልወጣሁም፤ ስለዚህ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ፣ ታሪክ ግን አልስትም። ስሜ ሮስኮ ነው።

እኛ የምንጫወተው ፉትቦል፣ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካኑ ማለቴ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት አይደለም። የእኛ ጣሪያ አለው። ሆኪ በሚጫወቱበት አዳራሽ፣ በረዶው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ይነጠፋል። ወድቆ ቶሎ ያልተነሳ ሰው ጉንፋን ይይዘዋል። ሜዳው ሃምሳ ያርድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስፖንጅ የለበሰ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ የደጋፊ ጉልበት። ተጫዋች ሲገፈተር የሚያርፈው ሰው ጭን ላይ ነው። ከልጆቻችን አንዱ እንዲህ ወድቆባት ያገባት ሴት አለች፤ እስካሁን አብረው ናቸው፣ እሷ ግን ወገቧን ያማታል።

አሁን ወደ ትንሹ። እናቱ ያወጣችለት ስም ዶርሴይ ነው፤ መቶ ስልሳ ኪሎ ስለሚመዝን ትንሹ እንለዋለን። አውቶቡስ ውስጥ በግራ በኩል ሲቀመጥ አሰልጣኛችን ኮች ቨርጅል ስድስት ሰው በቀኝ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ረስተን ሳናመጣጥን ተነሣን፤ ወደ ካንሳስ ስንገሰግስ አድረን ጠዋት መጋረጃ ብንገልጥ ክብ ሠርተን እዚያው ባርሎ ገብተናል። የትንሹ ሥራ ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ለወርዋሪው ማቀበል፣ ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ በደረቱ መመከት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ኳስ ይዞ አንድ እርምጃ ተራምዶ አያውቅም።

በነዚያ ዓመታት ትንሹ ለአሥራ አንድ ቡድኖች ተጫውቷል። አሥራ አንዱም የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ፈረሱ። የአንዱ ባለቤት በእረፍት ሰዓት ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። ሌላው አዳራሹን ለከብት ኤግዚቢሽን ተነጠቀ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሊጉ ራሱ በስልክ ፈረሰ፤ ተጫዋቾቹ መንገድ ላይ ነበሩና ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ የት ልጣላችሁ?» አለ። ባርሎ አሥራ ሁለተኛው ቡድኑ ነበር፤ ይህ የሆነባት የሰኔ እሑድ ደግሞ የዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ። ከሚንተን እባቦች ቡድን ጋር።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ትንሹ ጣቶቹን በፕላስተር እየጠቀለለ፣ «ሮስኮ፣ ዛሬ ሰዓቱ ዜሮ ከገባ ጨረስኩ ማለት ነው» አለኝ።

«ብንሸነፍስ?»

«ማሸነፍማ አሸንፌ አውቃለሁ። ጨርሼ ነው የማላውቀው።»

«ጉልበትህን ሐኪሙ ምን አለህ?»

«የግራውን አይቶ 'ከዛሬ በኋላ በቃህ' አለ። የቀኙን ለማየት አልደፈረም።»

ቀልድ አልነበረም። ከአንድ ወር በፊት መብራት ጠፍቶብን አንድ ጨዋታ ተቋርጦ ነበር፤ ሊጉም ደብዳቤ ጽፏል። ሌላ ጨዋታ ከተቋረጠ የባርሎ ስም ከመዝገብ ይፋቃል፣ ዘመኑም እንዳልተጫወትነው ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር ትንሹ አሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሳይጨርስ ይቀራል፤ አሥራ ሦስተኛ ደግሞ ጉልበቱ አይፈቅድለትም።

በአዳራሻችን የማይጣስ ሕግ አለ፦ ግድግዳውን ዘልላ ሕዝብ መሀል የገባች ኳስ የያዛት ሰው ንብረት ናት። ዳኛ አይጠይቅም፣ አሰልጣኝ አይለምንም። ይህን ሕግ እንደ እማማ ኦፓል የሚያከብረው የለም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከግብ መስመሩ ጀርባ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ የአትክልት ጓንት አጥልቀው ይቀመጣሉ። ቤታቸው አሥራ ዘጠኝ ኳስ አለ። አንድ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ አብሯቸው ቀልቦ ቢያለቅስባቸው፣ «አልቅስ ልጄ፣ ሳንባህ ይጠነክራል» ብለው ይዘው ሄደዋል።

ጥፋቱ የኔ ነው። የኳስ ከረጢቱን የምይዘውም እኔ ነኝ። የዚያን ቀን አሥራ አራት ኳስ ነበረን፤ በቂ ነው። ግን የመጨረሻ ጨዋታ ስለሆነ ሕዝቡ ሞቆታል፣ ቃጭሉን ያንቃጭላል፣ «ሮስኮ! ሮስኮ!» ይላል። እኔም በጎሹ ራስ ውስጥ ሞቆኛል። ጨዋታው ሳይጀመር ስድስቱን ወረወርኩላቸው። ከቀሩት ስምንት ሰባቱን ኢስመት ጨረሰልኝ። ኢስመት በእግር የሚመታልን ቦስኒያዊ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ቢላ ይስላል። እግሩ መድፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የመታት ኳስ የውጤት ሰሌዳውን ነርታ ሰባት ነጥብ ጨምራልን ዳኛውም አጽድቆታል። የዚያን ቀን ግን የመታት ሁሉ ሰው እቅፍ ትገባ ጀመር።

በመጨረሻው ሩብ፣ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ሲቀር፣ ሚንተን 54 እኛ 50። ከግብ መስመሩ ስድስት ያርድ ላይ ነን። ወርዋሪያችን ወረወረ። ኳሷ ከሁሉም ራስ በላይ አለፈች፣ ግድግዳውን አለፈች፣ የእማማ ኦፓል ጓንት ውስጥ ጧ! አለች። ሃያኛዋ።

«ሮስኮ፣ ኳስ!» አለ ኮች ቨርጅል።

«እ…»

«የምን እ?»

«አልቋል ኮች።»

«ኳስ ያልቃል እንዴ? ቅቤ ነው?»

«ስድስቱን… ሕዝቡ ወደዳቸውና…»

«ማነው የወረወረው?»

«ጎሹ።»

«ጎሹ አንተ ነህ!»

«ልብሱን ስለብስ እኮ ሌላ ሰው ነኝ ኮች፣ ታውቃለህ።»

ያሳደደኝን ልዝለለው። ሚንተኖችም ይዘዋቸው የመጡትን ሁለት ኳሶች ሲያሟሙቁ ወደ ሕዝቡ ለግተዋቸዋል። ዳኛው ሆሊስ በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም ነው፤ ትዕግሥቱ በማደንዘዣ ይለካል።

«አምስት ደቂቃ። ከዚያ 'ተቋርጧል' ብዬ እፈርማለሁ።»

«ሆሊስ፣ እባክህ!»

«ኮች፣ ነገ ጠዋት ሦስት መንጋጋ ይጠብቀኛል።»

ማይክራፎን ያዝኩ። «ወገኖቼ፣ አንዲት ኳስ! ለአፍታ ብቻ!» ከዚያ ሁሉም ያለውን መደበቅ ጀመረ። አንዱ እንደ ዶሮ ታቀፋት። አንዷ ሹራቧ ውስጥ ከታ «ስድስት ወሬ ነው!» አለች። ከላይኛው ረድፍ አንድ ጎረምሳ፣ «እማማ ኦፓል ከሰጡ እኔም እሰጣለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በረዶ ላይ በቆሎ ሲበቅል እሰጣለሁ እንደማለት ነውና።

ትንሹ አልሳቀም። ሰሌዳው ላይ የቆመውን ቀይ ቁጥር ያይ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግኩ፤ የጎሽ ራስ ውስጥ ሆኖ ይቅርታ አይጠየቅምና ራሴን አወለቅኩ።

«ትንሹ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አውቃለሁ። ራስህን ያዝና ተከተለኝ።»

ግድግዳውን ወጣው። ግድግዳው አቃሰተ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ ኦፓል?»

«ደህና። ኳሷን አልሰጥም።»

«ገና አልጠየቅኩም።»

«ይህን የሚያህል ሰው ግድግዳ ወጥቶ ሰላም ሊለኝ አይመጣም። ሕግ ሕግ ነው። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ለአንዷ ኳስ ሁለት ጥርሱን ሰጥቷል።»

«ልክ ነዎት፣ ኳሷ የእርስዎ ናት» አለ ትንሹ። ወንበሩ ስለማይችለው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ አሥራ አንድ ቡድን ነበረኝ። አንዱንም እስከ መጨረሻው አልተጫወትኩም። ከጨዋታው መሀል ጠርተው 'ልብስህን ሰብስብ' ያሉኝ ጊዜ አለ። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ቀረኝ። ማሸነፉ ይቅር። ሰዓቱ ዜሮ ሲል ሜዳው ላይ ቆሜ ማየት ነው የምፈልገው። አንድ ጊዜ።»

እማማ ኦፓል ኳሷን አገላብጠው አዩአት።

«ዘመኑን ሙሉ ሳይህ አንድ ቀን ኳስ ይዘህ አላየሁም።»

«ሥራዬ አይደለማ። በእግሬ መሀል አሳልፌ ነው የምሰጠው።»

«የሰጠኸው ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ያ ወርዋሪያችሁ ዓይን የለውም።» ኳሷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «አልሰጥህም። አውስሃለሁ። ያ ቦስኒያዊ በእግሩ እንዳይነካት፤ ያኛውም እንዳይወረውራት። አንተው ይዘሃት ትሄዳለህ፣ አንተው በእጅህ ትመልሳታለህ። አንዴ ብቻ! ፊሽካ ከተነፋ ውሰቱ አበቃ።»

እኔ ወዲያው ወደዚያ ጎረምሳ ሮጥኩ። «ሰጡ እኮ!» ስለው፣ «ማዋስ መስጠት አይደለም» አለኝና ኳሱ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ወደፊት ጠበቃ ይሆናል።

ኮች ቨርጅል ግን ጸጉሩን ነጨ። «አንድ ሩጫ አምስት ሰከንድ ነው! ነጥብ ብታስቆጥር እንኳ ሰዓቱ ይቆማል፤ ለቀረው ጊዜ በምን እንጫወታለን? በሮስኮ ጭንቅላት?»

«ቀስ ብዬ እሄዳለኋ» አለ ትንሹ።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኳስ የያዘ ሰው ጉልበቱ ምንጣፍ እስካልነካና ወደፊት እስከተራመደ ድረስ ፊሽካ አይነፋም። ትንሹ ለዳኛው እጁን አውጥቶ «ሯጭ ነኝ» ብሎ አስመዘገበ። ሚንተኖች ሳቁ። ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ጎንበስ አለ፣ ወርዋሪው ተቀብሎ ኳሷን እንደ ሕፃን ትንሹ ሆድ ላይ አስቀመጠለት። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ።

የመጀመሪያው እባብ ግራ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ሁለተኛው ቀኙ ላይ። ሦስተኛው ጀርባው ላይ ወጣ። ከዚያ ሜዳ ላይ ያሉት ስምንቱም ተንጠለጠሉበት፣ እሱ ግን አልወደቀም፤ በየሰከንዱ አንድ ጫማ የማይሞላ፣ ዝግ ያለ፣ የአገር ሽማግሌ አካሄድ ይሄዳል።

«ጣሉት እንጂ!» ይጮሃል አሰልጣኛቸው።

«ምኑን ይዘን?» ይላል አንዱ ከሥር።

ጀርባው ላይ ያለው ልጅ ጆሮው ጋ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ አይደክምህም?» አለው።

«ሰኞ አርፋለሁ።»

ሃያ ሰከንድ፤ ሦስት ያርድ ቀረው። ሕዝቡ ቃጭሉን ትቶ መቁጠር ያዘ። አሥራ ሁለት ላይ የግራ ጉልበቱ ከዳው። ወረደ፣ ወረደ፣ ምንጣፉን ሊነካ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ሆሊስ ጉንጩን ምንጣፉ ላይ ለጥፎ፣ ፊሽካውን ጥርሱ መሀል ነክሶ ያያል። እማማ ኦፓል ብድግ አሉ።

«ተነሥ አንተ! ኳሴን!»

ተነሣ። ስምንት ሰው ተሸክሞ ተነሣ፤ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። አምስት፣ አራት። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ዜሮ። ጡሩምባው ጮኸ፤ ግን ጡሩምባ ሰዓት እንጂ ሩጫ አያቆምም። ያን ጊዜ አንድ ረጅም እርምጃ ተራምዶ ከነእባቦቹ መስመሩን ተሻገረ። 56 ለ 54።

እባቦቹ አንድ በአንድ ረገፉ። ትንሹ እያነከሰ ግድግዳው ጋ ሄዶ ኳሷን በእጁ ለእማማ ኦፓል ሰጠ።

«አላረጠብካትም?» አሉ እያገላበጡ።

«ትንሽ አልቦኝ ነበር።»

«ይደርቃል። ስምህን ጻፍባት። አሥራ ዘጠኙ የማንም አይደሉም።»

ከዚያ ሜዳው መሀል ተቀምጦ ሰሌዳውን እያየ አልነሣም አለ። ምንጣፉን የምንጠቀልለው እኛ ነን፤ እሱ እስኪበቃው ዙሪያውን ጠቀለልነው።

ማክሰኞ ዕለት ቡድኑ ፈረሰ። ወሬውን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ትንሹ በፋብሪካችን ምሳ ቤት ሁለት ሳህን ድንች ፊቱ ደርድሮ ነበር።

«ትንሹ፣ ፈረስን።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ድንቹን ጎረሰ። «ዘግይተዋል» አለ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ይኸው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ አሁን ካልነገርኳችሁ ሆሊስ ይነግራችኋል። ያቺ የመጨረሻዋ ረጅም እርምጃ አልነበረችም። ሰዓቱ ዜሮ ሲገባ ትንሹ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ሕዝቡ «ግባ! ግባ!» ይላል፣ እሱ ግን ስምንቱን ሰው እንደተሸከመ ቆሞ ዜሮውን ያያል። መርምሮ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። በአራት ነጥብ ተሸነፍን። መሻገር ያቅተው ነበር? አይመስለኝም። ጠይቄውም አላውቅም።