አምስት ላስቲክ

ውሃው ጆሮው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት እያለ ይቆጥራል። በየአራት ቀዘፋው አንዴ ቀና ብሎ አየር ይስባል፤ ግማሹ አየር፣ ግማሹ ውሃ ነው። ከፊቱ የነበሩት ዋናተኞች ርቀዋል፤ ቢጫ ቆቦቻቸው ብቻ እንደተጣለ የሎሚ ልጣጭ ሐይቁ ላይ ተበትነው ይታያሉ። ከኋላው ማን እንደቀረ ለማየት አልዞረም። ከኋላው ማንም ከሌለ ማወቅ አልፈለገም።

ጂም ውስጥ «ቆጣሪው» ይሉታል። ዕድሜው አርባ አንድ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት የጨረሰው በሰው ራስጌ ቆሞ፣ ሌላው ብረት ሲያነሳ እሱ እየቆጠረ ነው። ክንዱ ግንድ ያህላል፣ ደረቱ በር ይሞላል። ውሃ ግን ለደረት አይራራም። ዋና የተማረው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው፤ አብረውት የተማሩትም ሐኪም ለጉልበታቸው ዋና ያዘዘላቸው አሮጊቶች ነበሩ። የገንዳውን ጠርዝ ይዘው እግራቸውን እያንፈራገጡ ይስቁበት ነበር።

«ልጄ፣ አንተ እኮ የብረት ቁም ሣጥን ነህ» አሉት አንደኛዋ። «ዕድሜ ሰጥቶኝ ብዙ አይቻለሁ፣ ቁም ሣጥን ሲዋኝ ግን አላየሁም።»

አብሯቸው ሳቀ። ሆዱ ግን አልሳቀም። እግዜር ለአንዳንዱ ሀብት ይሰጠዋል፣ ለአንዳንዱ መልክ፤ ለእሱ የሰጠው የማይረሳ ሆድ ነው።

እዚህ ሐይቅ ውስጥ የከተተው ግን የአሮጊቶቹ ሳቅ አይደለም፤ የጂሙ ደንበኛ የሆነ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ነው። ያንን ሰው ዘጠኝ ዓመት አሠልጥኖታል። መጀመሪያ ሲመጣ ሁለት ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክ፣ የጫማውን ክር ለማሰር ወንበር የሚፈልግ ሰው ነበር። ያንን ቦርጭ ማን አቀለጠው? ያንን ወገብ ማን አቀናው? በአንድ ጠዋት ዋኝተው፣ ብስክሌት ነድተው፣ ሮጠው ስለሚጨርሱት ስለዚህ ትራያትሎን ስለሚሉት ውድድርም መጀመሪያ የሰማው ከእሱ ነው፤ «አዘጋጀኝ» አለው፣ አዘጋጀው። ከዚያ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰውየው ተሾመ። መሥሪያ ቤቱ ግብዣ ሲያደርግለት ቆጣሪውንም ጠራው። ቆጣሪውም ያለችውን አንዲት ሙሉ ልብስ አስተኩሶ ሄደ። አንድ እንግዳ «እኚህስ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ቆጣሪዬ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንድ፣ ሁለት ይልልኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። የተማረ ሰው ሲሰድብህ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አግዳሚው ላይ ተጋደመና «በል ቁጠርልኝ» አለ። ቆጠረለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አቆጣጠሩ ግን ሙያ ነበረው፤ አሠልጣኝ ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው። ስምንት ላይ ሲደርስ ሰባትን ይደግማል። «አንድ ቀረህ» ብሎ ሦስት ያሠራል። ሰው ካልዋሹት የመጨረሻ ጉልበቱን አያወጣም። ከግብዣው ወዲህ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ ያቺ «አንድ» አምስትም ስድስትም ትሆን ጀመር። ሰውየው ፊቱ ደም መስሎ ሲያቃስት ቆጣሪው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ባለፈው ወር አንድ የስፖርት ክለብ የትራያትሎን አሠልጣኝ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ሄደ። ወረቀት አምጣ አሉት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ምን ወረቀት አለው? ከሦስቱ ጠያቂዎች አንደኛዋ ሳታዝንለት አልቀረችም። «እንግዲያው አንድ ውድድር በሰዓቱ ጨርስና ማስረጃውን እስከ ሰኞ አምጣ» አለችው። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የዛሬው ነው። ከጨረሰ አሠልጣኝ ነው። ካልጨረሰ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አግዳሚው ራስጌ ቆሞ አንድ፣ ሁለት ይላል።

እግሩ ጠጠር ነካ። ከውሃው ወጣ። ብስክሌቶቹ ከተደረደሩበት ቦታ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። የራሱን ያዘ፤ ሁለተኛ እጅ የገዛት፣ ቀለሟ የተላጠ ብስክሌት ናት።

ዳኛዋ ጠዋት ሁሉንም ሰብስባ ተናግራለች። ቆፍጣና፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ሴት ናት። «ብስክሌቱ አምስት ዙር ነው። ዙራችሁን የምትቆጥሩት ራሳችሁ ናችሁ፤ እኔ እመዘግባለሁ እንጂ አልናገርም። አንድ ዙር የጎደለበት ይሰረዛል። አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ይቺን ገመድ እዘጋታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሩጫው የሚያልፍ የለም።»

ይህን ደንብ ባለቤቱም ታውቀዋለች። ጠዋት ወደ ልብስ ስፌት ሱቋ ከመሄዷ በፊት አምስት ቀይ ላስቲክ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«መሪው ላይ አድርጋቸው። አንድ ዙር በጨረስክ ቁጥር አንዱን አውልቀህ ጣል።»

«ለእኔ?» ብሎ ሳቀ። «ለቀባሪው አረዱት አሉ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆጠረ ሰው ላስቲክ ይፈልጋል?»

ጠረጴዛው ላይ ተዋቸው። እሷም ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ከጋብቻው ዕድሜ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር «አንድ» ብሎ ያዘው። ሁለተኛውንም። መንገዱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ አንድ ቀጥ ያለ ዳገት ይወጣና በቁልቁለት ተመልሶ ዳኛዋ ከቆመችበት መገንጠያ ላይ ይጥላል፤ በግራ ወደ ሩጫው፣ በቀኝ ወደ ሌላ ዙር። ዳገቱ ላይ አንዲት ወጣት ተወዳዳሪ አገኘ። ብስክሌቷ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ልትወርድ አንድ እግሯን ከፔዳሉ አውጥታለች። ዝም ብሎ ሊያልፋት ይችል ነበር። አፉ ግን ሳያስፈቅደው ተከፈተ።

«እንዳትወርጂ! እኔን ስሚ! አንድ! ሁለት! ወገብሽን አቅኚ! ሦስት!»

ስምንት ላይ ደርሶ ሰባትን ደገመ። «አንድ ቀረሽ!» አላት፤ ከዚያ እንደገና «አንድ ቀረሽ!»። በሚቀጥለው ዙርም እዚያው ዳገት ላይ አገኛት፤ እንደገና ቆጠረላት። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ልጅቱ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ!» ብላ ቁልቁለቱን እንደ ድንጋይ ተወረወረች። እሱም ፈገግ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

ፈገግታው ቁልቁለቱን አላጋመሰም። ነፋሱ ጆሮው ላይ እያፏጨ «ይህ እንግዲህ...» አለና ቆመ። ይህ ስንተኛው ነው? አራተኛው ነው ወይስ አምስተኛው? አእምሮውን በረበረው። ዳገቱ አለ፣ ልጅቱ አለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ስምንት አለ። የራሱ ቁጥር ግን የለም። ለሌላ ሰው ሲቆጥር የራሱን ደምስሶታል።

መገንጠያው ላይ ፍሬኑን ይዞ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተከለ።

«ዳኛ፣ ስንት ነው የዞርኩት?»

«አልናገርም ብያለሁ እኮ፣ ወንድሜ።»

ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ አንድ ዙር ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። አራት ብቻ ዞሮ ከገባ ይሰረዛል። አምስት ዞሮ ስድስተኛ ከጨመረ ገመዱ ሊዘጋበት ይችላል፤ ባይዘጋበትም የሚሮጥበት እግር አይተርፈውም።

«አራት ነው» አለ አንድ ድምፅ ከመንገዱ ዳር።

ሥራ አስኪያጁ ነው። እሱም ሊወዳደር መጥቶ ኖሯል፤ ቆጣሪው ሲያልፍ ልብ ብሎ አላየውም እንጂ፣ ዋጋው የአንድ ቤት ዕቃ የሚገዛ ብስክሌቱን ገልብጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰንሰለቱ ተበጥሶ እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥሏል። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው።

«አራት ዞረሃል። አንድ ይቀርሃል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ሌላ ሥራ አለኝ? ገና በመጀመሪያው ዙር ነው ይሄ የተበጠሰብኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ተቀምጬ የምቆጥረው አንተን ነው።»

ቆጣሪው ፊቱን አጠናው። አፉ ዳር የተሸበሸበችው ነገር ፈገግታ ትሁን የፀሐይ ንዳድ አልለየለትም።

«አለቃ፣ ዛሬ እንኳ አይቀልዱብኝ። እንጀራዬ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹አንድ ቀረህ› አልከኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ ግራሶውን በጨርቅ እየጠረገ። «አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ሆኖ አያውቅም። እኔም በልቤ እቆጥር ነበር እኮ። መቼም ቁጥር አላጣም። ቆይቶ ደግሞ አምስት አደረግካት፣ ስድስት አደረግካት። ምን እንዳስቀየምኩህ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

አያውቅም! ሁለት ዓመት እንደ ፍም የተሸከመው ነገር ሰውየው ዘንድ አመድ እንኳ አልሆነም። ግን ያወቀው ሌላ ነገር አለ፤ ሲዋሽ እንደኖረ አውቋል፣ አውቆም እያንዳንዷን የውሸት ቁጥር አንሥቷል። እንዲህ የተዋሸ ሰው ዛሬ እውነት ይናገራል? ቆጣሪው ቢሆን ኖሮ ይናገር ነበር? ራሱን ጠየቀ፤ መልሱ ምራቁን አመረረው።

«እውነቱን ንገረኝ» አለው።

ዘጠኝ ዓመት አንቱ ሲል የኖረ አፉ አምልጦት ነው። ሥራ አስኪያጁ ልብ አለው፤ ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አኖረና ቀና አለ።

«አንድ ዙር። ብታምነኝ እመነኝ፣ ባታምነኝ ያው መግቢያው።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ!» ብላ ጮኸች ዳኛዋ፤ ሰዓት መናገር አልተከለከለችም።

መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነበር። ቆጣሪው ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ሁለቱንም መንገድ አየ። ከዚያ ወደ ቀኝ ሰበረውና ረገጠ።

ዳገቱ ላይ በዚህኛው ዙር ማንም የለም። ጭኑ ተቃጠለ፣ ቁርጭምጭሚቱ ደነዘዘ። አንድ ሊል አሰበ፤ ድምፁ አልወጣም። የተሰማው የሰንሰለቱ መንኳኳትና የራሱ ሳል ብቻ ነው። «እየሳቀብህ ነው» አለው ሆዱ። «እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እየሳቀብህ ነው፤ ማታ ለጓደኞቹ ያወራዋል።» ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ጨለመ። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ ወረደው።

ዳኛዋ የገመዱን ጫፍ ይዛ እጇን አንሥታለች። ከሥሯ ሾልኮ ገባ፤ ገመዱ ከኋላው ተወጠረ። ብስክሌቷን መደርደሪያው ላይ ወርውሮ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የሩጫ ጫማውን ሳበና እግሩን ሲያስገባ አውራ ጣቱን አንድ ነገር ጎረበጠው። ጫማውን ገልብጦ አራገፈው። አምስት ቀይ ላስቲክ መዳፉ ላይ ወደቀ።

«አትነሣ፣ ሳላጣራ አትወጣም» አለች ዳኛዋ ከራሱ በላይ ቆማ። ወረቀቶቿን በአገጯ ይዛ ጣቷን በምራቋ አራሰች። ከገመዱ ማዶ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ቆሟል፤ አይስቅም።

ጣቷ የቆጣሪውን ቁጥር ይዞ መስመሩን ተከተለ።

«አንድ» አለች።

አንዱን ላስቲክ ጠጠሩ ላይ ጣለ።

«ሁለት... ሦስት።»

ሁለት ላስቲክ ተከታትሎ ወደቀ።

«አራት።»

እዚያ ላይ ገጹ አለቀ። ዳኛዋ ወረቀቱን ልትገልጥ ስትል ከሐይቁ የመጣው ነፋስ መልሶ ጣቷ ላይ ለጠፈው፤ እንደገና ጣቷን አራሰች። አምስት ብላ ካቆመች ሰውየው እውነቱን ነግሮታል፤ ስድስት ካለች ግን በከንቱ አዙሮታል። ቆጣሪው የጫማውን ክር በአንድ እጁ ጥብቅ አድርጎ እንደያዘ፣ በሌላው መዳፉ ላይ የቀረችውን አንዲት ላስቲክ እያየ ቀና ሳይል ጠበቀ።