አዝመራ የተነካች ዕለት

ጣሊያን ጎንደር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ መምህር ዳኛው ከከተማው ሰሜን ዳር በአንዲት የሣር ክዳን ቤት ልጆች ያስተምር ነበር። ፈቃዱን የሰጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከፈቃዱም ጋር የንጉሣቸውን ሥዕልና የአገራቸውን ካርታ መርቀውለታል። ሥዕሉን ዳኛው በሩ ሲከፈት በሚሸፈነው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ለምን ቢሉት ለአየሩ ብዬ ነው ይላል።

ከበሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ልጆች ራቅ ብላ የምትቀመጠው አዝመራ ነበረች። አዝመራ የቀጥቃጩ የባሩክ ልጅ፣ ቤተ እስራኤል ናት። መንደራቸው ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚያወጣው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንገረብ ወንዝ ዳር ነው። እነሱ ዘንድ ከወገኑ ውጭ የሆነ ሰው የነካው ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ መንደር አይገባም። ባሩክ ልጁን ትምህርት ቤት ሲሰዳት የተናገረው ይህንኑ የሚመለከት አንድ ቃል ብቻ ነበር። "ተነክተሽ የመጣሽ ዕለት ትምህርቱ አበቃ" አላት። ባሩክ ደግሞ አንዴ ያለውን በዋዛ የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

የሚያስቀው ነገር፣ ከወዲያኛው ወገን ያሉት እናቶችም ለልጆቻቸው ያንኑ ማለታቸው ነው። "የቀጥቃጩን ልጅ እንዳትነካ! ቡዳ ናቸው፤ ትበላሃለች!" እያሉ በየአንገቱ ክታብ አንጠልጥለው ይልኳቸዋል። ሁለቱም ወገን እንዲህ ሲጠነቀቅ አዝመራ ላይ ዝንብም ደፍሮ የሚያርፍባት አይመስልም ነበር። እሷ ግን ትምህርቱን ከልቧ ትወደው ነበር። ዳኛው አፉን ሲከፍት አብራ አፏን ትከፍታለች። ሌሎቹ ሲጓተቱና ሲላፉ፣ አንዱ ባንዱ ጆሮ ሲያንሾካሽክ ስታይ ብቻ እጇን ብብቷ ውስጥ ትከትና ወደ ውጭ ትመለከታለች።

አንድ ቀን ዳኛው ካርታው ላይ በሮማ ከተማ የሚያልፈውን ወንዝ እያሳየ "ከየት ይነሣል?" ቢላቸው ልጆቹ ባንድ ድምፅ "ከተራራው!" ብለው ጮኹ። የጣሊያኑ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቃቸው እሱን ስለነበረ እንደ ውዳሴ ማርያም አጥንተውታል።

"ሸጋ። አንገረብስ?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ምነው? ትላንት የጠጣችሁት ውኃ አይደለም እንዴ?"

ቢያዝን የሚባል ልጅ ብድግ አለ። ቢያዝን አለማወቅ አፉን አዘግቶት አያውቅም። "ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነው የሚመጣ፣ መምር። የገበያ ዕለት ይደፈርስ የለም?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ግን ሳይስቅ "ሐሙስ ሄደን እናየዋለን" አለ።

ሐሙስ እስኪደርስ አዝመራ እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ ልጆች ይጋፋሉ፤ ብትቀር ደግሞ ሌሎቹ አይተው የሚመጡትን በወሬ ልትሰማው ነው። ዳኛው ራሱ ባሩክ ዘንድ ሄዶ "አያ ባሩክ፣ ማንም አይነካትም" ብሎ ቃል ገባ። ዘዴውን ያመጣችው ሽታዬ ናት። ሽታዬ የደብተራ ልጅ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ነገር መላ ካላስያዘች የማትተኛ ልጅ ነበረች። ረጅም የቃጫ ገመድ አምጥታ በየክንድ ርቀቱ ቋጠረችው። ልጆቹ የየራሳቸውን ቋጠሮ ይዘው እንዲሰለፉ፣ አዝመራ ከጭራው ላይ ሆና ከፊቷ ያለው ቋጠሮ ባዶ እንዲቀር ተስማሙ። ከባዶው ቋጠሮ ፊት የቆመችው ሽታዬ ራሷ ነበረች።

እንዲህ ተሰልፈው የአንገረብ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ለጣሊያን ያደረ አንድ ዘበኛ ጠመንጃውን አጋድሞ አስቆማቸው። ከዳር እስከ ዳር አያቸውና "ምን አጥፍተው ነው?" አለ።

"እነማን?" አለ ዳኛው።

"እስረኞቹ ናቸዋ!"

"ተማሪዎች ናቸው። የወንዙን መነሻ ልናይ ነው።"

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ከድልድዩ ሥር የሚወርደውን ውኃ አየ። "ወንዙ ይኸው አለ አይደል? ምን አደከማችሁ?"

ቢያዝን ቀበል አድርጎ "አያ፣ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩንና እንመለስ" አለ። ዘበኛው አሰበ፤ ጢሙን እያሻሸ አሰበ፤ መጨረሻ ላይ "እለፉ ወዲያ!" ብሎ ጠመንጃውን አነሣላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፌሽታ ነበር። ዳኛው የወይራ ቅጠል እያስጣለ ከቅጠሉ ጋር ያስሮጣቸዋል፤ ቅጠሉ የቀደመበት ቦታ ላይ "ምነው እዚህ ፈጠነ?" ይላቸዋል፤ የቆመበት ላይ ደግሞ በእንጨት ጥልቀቱን ያስለካቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው የውኃውን ድምፅ እንዲሰሙ፣ ሽቅብ በወጡ ቁጥር እየቀጠነ መሄዱን በጆሯቸው እንዲለዩ ያደርጋቸዋል። ጦስኙን እየረገጡት ሽታው እላያቸው ላይ ቀረ። አዝመራ ከገመዱ ጭራ ላይ ሆና እስኪበቃት ሳቀች። ገመዱ ሲሳብ ትሳባለች፣ ሲላላ ትላላለች፤ በሕይወቷ ከሰዎች ጋር እንዲህ ተያይዛ አታውቅም።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር እፍኝ የምትሞላ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ ስትል አገኙ።

"ይቺ ናት?" አለ ቢያዝን፣ የተታለለ መስሎት።

አዝመራ ከሁሉ ኋላ ስለነበረች አልታያትም። ገመዱን ለቀቀችና ከወደ ጎን ባለው ድንጋይ ላይ ወጥታ አንገቷን አሰገገች። ድንጋዩ ሽበት የመሰለ እርጥብ ነገር አብቅሎ ነበር። እግሯ ሸርተት ሲል ከታች ያለው ሸለቆ ብቻ ታያት። በዚያች ቅጽበት ሽታዬ ገመዱን ወርውራ የአዝመራን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ጎተተቻትና ሁለቱም ሣሩ ላይ ተያይዘው ወደቁ።

እጃቸውን አዩ። ከዚያ እኩል ጮኹ።

"ወይኔ፣ ልትበይኝ ነው!" አለች ሽታዬ ክታቧን ጨብጣ።

"እኔ ሰው አልበላም!" አለች አዝመራ እያለቀሰች። "እንኳን ሰው፣ ከእናንተ ቤት ሽሮም አልበላም! አንቺ ነሽ እንጂ ከትምህርት ቤት ያስወጣሽኝ!"

ሽታዬ ክታቧን ለቀቀች። "ታዲያ ልልቀቅሽ ኖሯል?"

አዝመራ ሸለቆውን ዞር ብላ አየችና "እሱንስ እንኳን አልለቀቅሽኝ" አለች፤ ለቅሶው ግን ባሰባት።

መመለሻው ላይ የሚሮጥም የሚዘፍንም አልነበረም። የአዝመራ መንደር ዳር ሲደርሱ አዝመራ ከወንዙ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ ብላ ስትጠብቅ ሽታዬ ፊት ለፊቷ ዘርፈጥ አለች። ከዚያ ቢያዝን ተቀመጠ። ሁሉም ተቀመጡ።

የአዝመራ እናት ሸዋረግ ሸክላ ሠሪ ናት። ከጎጆዋ ብቅ ብላ ልጆቹን ስታይ ገና ከሩቁ ገባት። "ተነካሽ?" አለቻት።

"ተነካሁ፣ እምዬ።"

 ዳኛው "እትዬ ሸዋረግ፣ ጭቃ ቢኖርሽ? ቁጭ ካልን አይቀር ያየነውን ብንሠራው" አላት። ሸዋረግ አየችው። ገብታ የተለወሰ ሸክላ በቅርጫት አመጣች፤ ሣሩ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላዋ ፈቀቅ አለች።

ሠሩ። መጀመሪያ ትልቁን ድንጋይ፣ ከሥሩ ወንዙን። ቢያዝን ዘበኛውን ከነጢሙ ሠራ፤ ጢሙ ከሰውየው በልጦ ስለከበደ በአፍጢሙ ይደፋበታል። አዝመራ መንደሩን ሠራች፤ ጎጆዎቹን፣ የእናቷን ጋኖች፣ ወናፉ አጠገብ የተቀመጠውን አባቷን። ሽታዬ ከታች በኩል ከተማውን ግንብ በግንብ አደረገችው። በመካከሉ ልጆቹ የሆነውን እየረሱ መሳቅ ጀመሩ፤ አዝመራም እንባዋ ሳይደርቅ አብራ ሳቀች።

ባሩክ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ልጁን አየ፣ ውጭ መቀመጧን አየ፤ ተነክታ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም።

"ማን ነው የነካት?"

ሽታዬ ተነሣች። ቀጥቃጭን በዚህ ቅርበት አይታ አታውቅም። "እኔ ነኝ፣ አያ ባሩክ። ልትወድቅ ነበር። ብትወድቅም እይዛታለሁ… ማለቴ፣ ሌላም ቀን ብትወድቅ እይዛታለሁ።"

ባሩክ ዝቅ ብሎ ሣሩ ላይ የተሠራውን አየ። ወናፍ የያዘውን ትንሽ ሰውዬ ለይቶታል። "ይሄ እኔ ነኝ?" አለ። አዝመራ አንገቷን ነቀነቀች። ባሩክ ዓይኑን ከጭቃው ሳያነሣ "ቃል ቃል ነው" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። "ተነክታ ከመጣች ትምህርቱ አበቃ ብያለሁ።"

 ያን ጊዜ ሸዋረግ ነጠላዋን አጣፋች።

"ጋን ልሸጥ ገበያ የምወርድ እኔ አይደለሁም?" አለች። "ያ ሁሉ ሰው እየተጋፋኝ፣ እየነካኝ፣ ማታ ወንዝ ወርጄ ታጥቤ እገባ የለም? አንድ ቀን ገበያው አበቃ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

"አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ።"

"ለጋን የተፈቀደ ለፊደል ምነው ተከለከለ?"

ባሩክ ቀና ብሎ ወንዙን አየ። "ውኃው ይበርዳታል" አለ ቀስ ብሎ።

"ይብረዳት! ታጥባ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ፊደሏን ይዛ ትግባ።"

 ባሩክ ወደ ዳኛው ዞሮ "መምር፣ በጊዜ ልቀቃት። ብርሃን ሳለ ትታጠብ" ብሎ ወደ መንደሩ አቀና። ልጆቹ ገና አልገባቸውም ነበር፤ ዳኛው ሲስቅ ነው የገባቸው። 

ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሸዋረግ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ ልጇን አየች።

"ቶሎ ጨርሺ እንግዲህ" አለቻት።

"ምኑን፣ እምዬ?"

"መነካቱን ነዋ! ዛሬ እንደሁ አንዴ ተነክተሻል።"

አዝመራ ጭቃ በጭቃ የሆነ እጇን አየች። ተነሣችና መጀመሪያ የሽታዬን እጅ ያዘች። ከዚያ የቢያዝንን ጆሮ ነካች፤ ስታየው የኖረችው ጆሮ ነው፤ እንዳሰበችው ለስላሳ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለውን ልጅ ጉንጭ፣ የሚቀጥለውን ትከሻ። ልጆቹ ክታባቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር፤ የተነካውም ሁለተኛ እየዞረ ተሰለፈ።