«አልቋል» ያለኝ ሰውዬ

የመኪናዋን ወንበር ነገር ያስተዋልኩት፣ ከጥገና ባወጣኋት ማግስት ጠዋት ልጄ ገብታ ወደ ኋላ ስትገፋው ነው።

«እማዬ፣ መሪውን አቅፈሽው ነው እንዴ የምትነጂው?»

እኔ አጭር ነኝ፤ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ስቤ፣ ጀርባዬን በትራስ ደግፌ ነው የምነዳው። ጥገና ክፍል መኪና የሚረከበው ሰውዬ ግን የስልክ እንጨት ነው የሚያክለው። «እኔው ራሴ ነድቼ ሞከርኩት፤ ፍሬኑ እንደ አዲስ ሆኗል» ብሎኝ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ይመታው ነበር። ትራሴ እንኳን ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም።

መኪናዋን የገዛነው ልጄ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትወጣ በጨለማ በእግሯ እንዳትመጣብኝ ብዬ ነው። ፍሬኑ መጮህ ሲጀምር ወደ ሸጠልን ድርጅት ወሰድኳት። ጋራንቲ ነበራት። ሰውዬው «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» እያለ ስንት ጊዜ መለሰኝ! በመጨረሻ ደወለ፤ «እናቴ፣ አልቋል! መጥተው ይውሰዱት።»

ጥላዬን የማላምን ሴት፣ «እናቴ» ስባል ቀለጥኩ። «እስቲ አብረን እንንዳት» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተጠራጣሪ ላለመባል ዋጥኩት። ጭራሽ መርቄው ወጣሁ። ወደ ቤት ስነዳ ፍሬኑ ትንሽ ሲጮህ እንኳ «አዲስ ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ያን ጠዋት ልጄ ከግቢ ሳትወጣ ፍሬኑ ሲጮህ የጎረቤት ውሻ መለሰለት። ቀስ እያልን ተመልሰን ሄድን።

«ልጄ፣ ይህች መኪና አልተነካችም» አልኩት ሰውዬውን።

«እናቴ፣ ጋራንቲዋ እኮ ትናንት አልቋል።»

«ትናንት ደውለህ አልቋል ያልከኝስ?»

«እሱኑ ነዋ ያልኩዎት!»

ከኋላው ያሉት ሠራተኞች ሳቁ። ልጄ ፊቷ ቀላ።

«ነድቼ ሞከርኳት ያልካትስ? ተንበርክከህ ነው የነዳሃት?» አለችው።

«እኔ? መቼ ወጣኝ?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አሁን ከሆነ በክፍያ ነው።»

አቅሙ የለንም። መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ልጄ እንደ ድሮው በእግሯ ሄደች።

ሲመሽ በሩ ላይ ቆምኩ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያልፈራሁት ነገር የለም፣ ያን ሰውዬ ብቻ ሲቀር። የመንገዱ ማዶ አይታይም። አንድ ሰው ሲመጣ ልቤ ይዘላል፤ ሳየው እሷ አይደለችም። ኋላ ላይ ኮቴዋን ለየሁት።

«እማዬ፣ ብርድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በሩን ልቆልፍ ብዬ ነው።»

«ሰው ሳይገባ ይቆለፋል?» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ገባች። መኪናዋን አልፋ ስትሄድ ዞር ብላም አላየቻት።

ቁልፉን አዞርኩ። እጀታውን ሳብኩት፤ ደግሜ ሳብኩት።

«ተቆልፏል እኮ፣ እማዬ!» አለች ከውስጥ።

«እኔ ልየው» አልኳት።