ከባሕር ዛፍ ሥር የተለቀመ እንጉዳይ

ወይዘሮ እንኳየሁ ከዳባት ወደ ጎንደር የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነበር። የግራው ሞራ ተገፎ ደኅና ሆነላቸው፤ የቀኙ ክረምቱ ሲወጣ ይሁን ተባለ። እስከዚያ ማራኪ ሰፈር፣ ልጃቸው ጌትነት ቤት ተቀመጡ። ጌትነት የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው እንፍራንዝ ነው። ሚስቱ ማስተዋል ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት የሚውሉት አሮጊቷና የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ፅዮን ነበሩ።

ማስተዋል ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወጥ ቤቷን ግን አታስነካም። አማቷ ቢላ ካነሱ «ኧረ ይተዉት እማማ፣ እኔ እሠራዋለሁ፤ እርስዎ ይረፉ» ብላ ትቀበላቸዋለች። ወይዘሮ እንኳየሁ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ዕረፍቱ እንደ ቅጣት ሆነባቸው።

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ ሲወርድ ያደረው ዝናብ እንዳባራ፣ ከግቢው ጀርባ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር እንጉዳይ ፈልቶ አዩ። ነጭና ወፍራም ነው።

«ፅዮንዬ፣ ሰፌዱን አምጭልኝማ! የጾመኛ ሥጋ በቅሎልናል!»

ልጅቱ በባዶ እግሯ ጭቃውን እያንቦጫረቀች መጣች። እየተሣሣቁ ለቀሙ። ወይዘሮ እንኳየሁ የማስተዋልን ምድጃ መንካት ስላልደፈሩ ወደ ቀትር በረንዳው ላይ ከሰል አያያዙ። እሳቸው ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምሱም። ፅዮን ግን ጓጓች፤ ቀሚሳቸውን ይዛ ለመነቻቸው። ሁለት ትልልቅ መርጠው ፍሙ ላይ አደረጉላት፤ ጨው ነሰነሱበት፣ ዘይት ጠብ አደረጉበት።

«እምዬ፣ ሥጋ ሥጋ ይላል!» አለች ጣቷን እየላሰች።

«ብዪ የኔ ሸጋ።»

ከቀረው አብዛኛውን በእጃቸው ተርትረው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አቁላሉት። ሽታው ግቢውን ሞላው። ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ማስተዋል ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ድስቱ ገና መውጣቱ ነበር። ጃንጥላዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ምንድን ነው እማማ?»

«እንጉዳይ ነዋ። ከጓሮ ለቀምሁት። ነይ ቅመሽ።»

«ከጓሮ? ዓይንዎ እኮ ገና ነው! መርዛሙ የጅብ ጥላ ቢሆንስ?»

«እኔ ነኝ የጅብ ጥላ የማልለይ? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ስለቅም የኖርሁ!»

ማስተዋል ወደ ልጇ ዞረች። «ፅዮን፣ ቀምሰሻል?»

ልጅቱ አያቷን አየች። ወይዘሮ እንኳየሁ ቀደሟት።

«ምን ልትቀምስ፣ አሁን መውጣቱ አይደል» አሉ።

ማስተዋል ድስቱን ልትደፋው አነሣች። አሮጊቷ ከእጇ ቀምተው ተቀመጡና፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ እንጀራ እያጠቀሱ ብቻቸውን በሉት። ምራታቸው መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ዝናቡ እንደገና መጣ። ፅዮን «እንቅልፌ መጣ» ብላ ሶፋው ላይ ተኛች። ወይዘሮ እንኳየሁ አጠገቧ ቁጭ ብለው ሆዳቸው ሲቆርጣቸው መጀመሪያ ንዴቱ ነው አሉ። ከዚያ ላብ አጠመቃቸው፣ ምራቃቸው አልቆም አለ። ወደ ጓሮ ወጥተው አስመለሳቸው። እዚያው ግድግዳውን ተደግፈው ዛፎቹን አዩ። ዳባት የሚለቅሙት ከግጦሽ መሬት ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ለቅመው አያውቁም።

ተመልሰው የልጅቱን ግንባር ዳሰሱ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው።

«ፅዮንዬ?»

አልመለሰችም። ወደ መኝታ ቤቱ ሄደው በሩን በመዳፋቸው መቱ። ማስተዋል ከፈተች።

«ልጄ፣ አሞኛል» አሉ። ከዚያም ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ልጅቱም በልታለች። ከእኔ በፊት ነው የበላችው። ዋሸሁሽ።»

ማስተዋል አልጮኸችም። እሳቸውን ገፍታ አልፋ ልጇን አነሣች። ፅዮን ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነችው። ማስተዋል ከሰፌዱ የተረፈውን ጥሬ እንጉዳይ በፌስታል አድርጋ፣ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ በዝናብ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። አሮጊቷ ግድግዳ እየያዙ ተከተሏት። አንድ ባጃጅ ጥሏቸው አለፈ፤ ሁለተኛው ቆመ።

«እኔን ተዪኝ፣ እሷን አድርሽ» አሉ።

«ይግቡ!» አለች ማስተዋል።

መንገድ ላይ ፅዮን እናቷ ደረት ላይ አስመለሳት። ማልቀስ ስትጀምር ማስተዋልም አብራ አለቀሰች፤ ልጅቱ ከተኛች ወዲህ ድምፅ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሙ እንጉዳዩን አገላብጦ አየ። «መቼ ነው የበላችው?» ሲል ማስተዋል አላወቀችም። ወደ አማቷ ዞረች።

«ቀትር ላይ። ሁለት ፍሬ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ።

ለሁለቱም መርዝ የሚመጥ ጥቁር ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ተሰጣቸው፣ ግሉኮስ ተተከለላቸው። «ቶሎ ማስመለሳቸው ደግ ነው» አለ ሐኪሙ፤ «ጉበታቸው መትረፉን ሳናውቅ ግን አትሄዱም።» ጌትነት በስልክ ሲሰማ ያገኘው መኪና ላይ ተሳፍሮ መጣ።

ሲነጋ ፅዮን ራበኝ አለች። አሮጊቷ ግን ቀና ማለት አቅቷቸው ነበር። ማስተዋል በሁለቱ አልጋዎች መካከል ቁጭ ብላ ልጇን ሻይ እያጠጣች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀቻቸው።

«ለምን ዋሹኝ?»

«ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«አንቺን። ዳግመኛ ከእኔ ጋር አትተዪያትም ብዬ። እዚያ ቤት ከሷ በቀር ማን አለኝ?»

ማስተዋል ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ብትሞትብኝስ?»

ወይዘሮ እንኳየሁ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

የደሙ ውጤት በማግሥቱ መጣ፤ የሁለቱም ደኅና ነበር። ቤት እንደገቡ አሮጊቷ ልብሳቸውን በኩታ ቋጥረው ዳባት እሄዳለሁ አሉ።

«ዓይንዎ ሳይታከም የት ይሄዳሉ?» አለች ማስተዋል። ድምፅዋ ውስጥ ፍቅር አልነበረም። ግን ቋጠሮውን ፈትታ ልብሱን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው።

ለቀናት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ጾሙ ሊፈታ ሲል አንድ ቅዳሜ ማስተዋል ከገበያ ድንችና ጎመን ይዛ ገባችና ከነቢላው አማቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ዛሬ እርስዎ ይሥሩልን» አለች።

ራሷ ግን አልሄደችም። ዱካ ስባ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ እንኳየሁ እጅ እጃቸውን እንደምታያቸው ገብቷቸዋል፤ አልከፋቸውም። ሽንኩርቱን ቀስ ብለው ከተፉ፣ ዘይቱን አገቡ፣ ያነሡትን ሁሉ እንድታየው ወደ ብርሃኑ እያዞሩ ጨመሩ። ሲበስል በጭልፋ ጨልፈው፣ እፍ ብለው፣ ለማስተዋል ዘረጉላት።

«ጨው?» አሉ።

ማስተዋል ቀመሰች። «ትንሽ ይጎድለዋል።»

ጨመሩበት።