ብቸኛስ ቢመጣ

አልቃሿ እመት በለጥሻቸው በሙሾዋ ሟቹን አንበሳ አስገድላው ስታበቃ ራዲዮ ጠጋኝ አደረገችው። ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። የዓለምዘርፍ ግን ባሏ ባልሠራው ሥራ ሲወደስ እንባዋ እምቢ አላት።

ባሏ ዶክተር መልአኩ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር መምህር ነበር። በትውልድ አገሩ በመካነ ሰላም ይህን የሰማ ሁሉ የተበላሸ ራዲዮውን ይዞ ይመጣበታል። አንድ ክረምት የጎረቤታቸውን የቸኮልን ባትሪ ገልብጦ ቢያስገባ ራዲዮው ተናገረ፤ ዝናው እስከ ከላላ ወጣ።

አልቃሿ ለዕረፍት የዓለምዘርፍ አጠገብ ተቀመጠች።

«አብሽሪ ልጄ። አንቺ ካላለቀስሽ የኔ ሙሾ ምን ይፈይዳል?»

«እርስዎ አላጠፉም። ግን ያሉት ሰው እሱ አይደለም።»

«እንግዲያ ንገሪኛ። ድንኳኑ ዛሬ ይነሣል። እዚህ አገር ሰው የሚቀረው በተባለለት ነው።»

የዓለምዘርፍ ቃል ፈለገች። ሒሳብ የሚሠራ መኪና እንዳለ፣ የተጻፈለትን ትእዛዝ ብቻ እንደሚከተል፣ መልአኩም ትእዛዙ የማይሳሳት መሆኑን አስቀድሞ በሒሳብ እንደሚያረጋግጥ ነገረቻት። አልቃሿ ሲሳሳት ቢታረም ምን አለበት አለች።

የሟቹ አባት መሪጌታ ቢተው ከወዲያ ሰምተው ኖሮ፣ «እኔ ዜማ ሳስተምር ተማሪው ሲስት ነው የማርመው። እሱ ገና ሳይስት ነበር የሚያርም» አሉ።

ያን ጊዜ የዓለምዘርፍ የድርቁ ዓመት ታወሳትና ተረከችላቸው። አንድ መሥሪያ ቤት የእርዳታ እህል ለየቤተሰቡ የሚደለድል ፕሮግራም አሠርቶ ትክክል ነው ብሎ እንዲፈርም መልአኩን ጠየቀው። በስንቱ ቤተሰብ ሞክረውት ልክ ነበር። እሱ ግን «ብቸኛስ ቢመጣ?» አለ። ቤተሰቡ አልቆበት አንድ ራሱን የቀረ ሰው ሲመጣ መኪናው ምንም አይሰጠውም ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አድኃሪ አለው፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረጉም ለዓመታት ተያዘበት። እስኪታረም ድረስ ግን አልፈረመም።

እመት በለጥሻቸው ከዚያ መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች። አንበሳውንም ራዲዮውንም ትታ አዲስ ሙሾ አወረደች።

«ብቸኛስ ቢመጣ ብሎ የጠየቀ፣
የራሱን ብቸኛ ትቶ እንዴት ራቀ።»

የዓለምዘርፍ መዳፏን ከጎኗ ባዶው ሰሌን ላይ አሳረፈች። ለቀስተኛ ሊቀመጥ ጠጋ ሲልም፣ ቦታው የተያዘ ይመስል አላነሣችውም።