በመጽሐፍ ማኅደር የተሸከምነው ካሜራ

ጋሼ ወልደ ሩፋኤል ካሜራውን ከጭድ ውስጥ አውጥተው ሲያሳዩኝ፣ "እንግዲህ የሚያሰቅለን ይኼ ነው?" አልኳቸው።

ቁመቱ ከአውራ ዶሮ አይበልጥም። ጥቁር ብረት ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ ዓይን፣ ጎኑ ላይ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ቁልፍ አለው።

"አፍሽን ያዢ፣ ማንጠግቦሽ" አሉኝ።

አፌን መያዝ ብችል ኖሮ ማን ይተካከለኝ ነበር። ሌላው ሰው ሲፈራ ዝም ይላል፤ እኔ ስፈራ እለፈልፋለሁ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሳልፈራ የማድርበት፣ ሳልፈራ የምውልበት ቀን አልነበረም።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ኋላ እሱን ትተው አዲስ አበባ ገቡና ሲኒማ ከሚያነሳ አንድ ፈረንጅ ቤት ተቀጠሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ፈረንጁ ሸሸ፣ ካሜራው እሳቸው ጋ ቀረ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ እሳቸው አገራቸው ተመልሰው አክስቴ የብርጓል ቤት ተሸሸጉ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ማርቆስ ጥቂት ዓመት የተማርኩበት ትምህርት ቤት የወታደር መኝታ ሆኖ ነበርና መመለሻ አልነበረኝም።

ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ተከምሮ ሳለ፣ ጣሊያንና ባንዳው መጥተው መንደራችንን አቃጠሉ። ጎረምሶቹ አርበኛ ሆነዋል በሚል ነው። ክምሩም ቤቱም ነደደ። ሲሄዱልን ጋሼ ካሜራውን አወጡና የተረፈውን ሰው በየአመዱ ፊት አቁመው አነሱ። "ይኼ ዕቃ ያያል እንጂ አይሰማም፤ ዝም ብላችሁ ቁሙ" ብለው ቢለምኑ ማን ሰምቷቸው! ሁሉም ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሞተበትን ሰው ስም እየጮኸ ተናገረ። እትዬ አይናዲስ ልጇ ቤት ውስጥ ነው የተቃጠለው። "አይሰማም" ሲሏት፣ "አይስማ! እኔ እናገራለሁ፣ የሚያየው ሰው አፌን አይቶ ያውቀዋል" አለችና የልጇን ስም ሦስቴ ጠራች።

ይኼ ነው ካሜራው ውስጥ ያለው። ደብረ ወርቅ ባዘዘው የሚባል ሰው አለ፤ ፊልሙን ተቀብሎ በቆላው አድርጎ ሱዳን ያደርሰዋል፤ እዚያ ይታጠባል፣ ዓለም ያየዋል። ከጠፋ ሌላ ምስክር የለንም። መንገድ ላይ ከተገኘ ደግሞ ጋሼ ማርቆስ ገበያ መሀል ይሰቀላሉ። ከመሰቀላቸው በፊት የሚሆኑትን አላስብም እያልኩ እሱኑ ሳስብ እውል ነበር።

ካሜራውን ብቻ ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። ጋሼ ግን አሻፈረኝ አሉ፤ ቀሪው ፊልም ደብረ ወርቅ ማዶ ባሉት አርበኞች ላይ እንዲውል ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ዕቃው ሙሉ መሆን አለበት። እንግዲህ የሲኒማ ዕቃ በሙሉ፣ በሁለት ሰው ትከሻ፣ የሲኒማ ዕቃ ሳይመስል!

"ካህን እሆናለሁ" አሉ። ጥምጥሙ ያምርባቸዋል፣ ያ አያጠራጥርም። ካሜራውን ካህናት መጽሐፍ አንጠልጥለው በሚዞሩበት የቆዳ ማኅደር ከተትነው፤ አክስቴ ውስጡን በበግ ለምድ ደለደለችው። የካሜራው መቆሚያ ግን አስቸገረን። ጋሼ ሦስት መቋሚያ ራስ ለራስ በጠፍር አሰሩ። የመቋሚያው ራስ አግዳሚ ስላለው ሦስቱ እየተጋጩ ካሜራው እንደሰከረ ሰው ተንጋደደ።

"ገልብጡት" አልኩ።

"መቋሚያ ይገለበጣል?"

"እግዜር መገልበጡን ካየ ምክንያቱንም ያያል።"

የአክስቴን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አንስቼ እግሮቹን ነቀልኳቸው። አክስቴ "ኧረ በርጩማዬ!" ብላ ጮኸች። በሦስቱ ቀዳዳ የመቋሚያዎቹን ጫፍ ሰካሁ፤ ራሳቸው መሬት ላይ ተንፈራጦ ጭቃ እንኳ አያሰምጣቸውም። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩት። አላመሰገኑኝም፤ "ጠበቅ ይበል" ብቻ አሉ። እንግዲህ ሲፈታና የበርጩማው እግር ሲመለስለት ሦስት መቋሚያና አንድ በርጩማ ነው፤ ማን ይጠረጥራል?

ለፊልሙ ጨለማ ቤት ያስፈልጋል። ብርሃን ከነካው ይሞታል። እሱን ደግሞ የጋሼ ሟች አጎት ጥቁር በርኖስ ሆነልን፤ ወፍራም ነው፣ አጥፈን ደረብነውና ዳር ዳሩን ሰፋን፣ ሁለት እጅ ማስገቢያ ተውንለት። ባዶውን የፊልም ቆርቆሮ የስንቅ አገልግላችን ውስጥ፣ ከድርቆሹ ሥር አደረግነው።

ጋሼ በርኖሱ ውስጥ እጄን አስገብተው አለማመዱኝ። "ካሜራውን ስትከፍቺ ሁለት ጥቅል ታገኛለሽ። ገና ያልተነሳው ወፍራም ነው፣ የተነሳው ቀጭን ነው። ላይና ታቹን አትመኚ፣ ጨርቅ ውስጥ ይገላበጣል። ጣትሽን እመኚ።" አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሳይጨርሱ አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ መክተት አለብኝ። መጀመሪያ ቀን እሳቸው ጨርሰው "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል" ሲሉ እኔ ገና ክዳኑን እፈልግ ነበር። ኋላ "ሲሳየነ" ላይ ሲደርሱ መጨረስ ጀመርኩ። "ቶሎ አትበዪ፣ ጸሎቱን አታስሮጪኝ" አሉኝ።

የሄድነው በገበያ ቀን ነው፤ ሰው በበዛበት እንጠፋለን ብለን። የጣሊያን ኬላ ከአንድ ወንዝ ማዶ ነበር። ከሩቅ ባንዲራውን ሳይ ስለ ጤፍ ዋጋ መለፍለፍ ጀመርኩ። አንድ ጣሊያን ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ በትንሽ መስታወት ጢሙን ይላጫል፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። ፈታሹ የአገራችን ሰው ነው። ከፊታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት "አበረ ልጄ፣ እንቁላሌን እንዳትሰብርብኝ" ስላሉት ስሙን አወቅን።

አበረ በርጩማውን አየ፣ አገልግሉን ከፍቶ ድርቆሹን አሸተተ፣ መቋሚያዎቹን ቆጠረ።

"ለማን ነው ይኼ ሁሉ መቋሚያ?"

"ለደብረ ወርቅ ተማሪዎች ነው" አልኩ። "እየተደገፉ ያንቀላፋሉ።"

ፈገግ አለ። ደህና ነው፣ አልፈናል አልኩ በሆዴ።

"መምሬ፣ ያነገቱት ምን መጽሐፍ ነው?"

"ተአምረ ማርያም ነው ልጄ" አሉ ጋሼ።

አበረ ቆቡን አወለቀ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አደረገና፣ "ያሳልሙኝ" አለ።

ክው አልኩ። እንዴት እንደምንሸከመው አስበናል፣ እንዴት እንደምንተክለው አስበናል፣ እንዴት እንደምንደብቀው አስበናል። መጽሐፍ ያየ ክርስቲያን ምን እንደሚያደርግ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ባንዳም ክርስትና የተነሳ መሆኑን ረሳነው!

ጋሼ ምን ያድርጉ? ማኅደሩን ዘረጉለት። አበረ ግንባሩን አስነካ፣ ሳመ፣ እንደገና ግንባሩን አስጠግቶ ተጫነው፤ ደህና አድርጎ ተጫነው፤ ኃጢአቱን ሁሉ እዚያ ሊያራግፍ ይመስል። ይኼኔ ማኅደሩ ውስጥ፣ ጥርርርርር!

ጋሼ ካሜራውን ጠምዝዘው ነበር የከተቱት። የአበረ ግንባር የሚያስጀምረውን መልቀቂያ ተጫነው፤ ገብቶም ቀረ።

አበረ ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ጥርርርር ይላል አሁንም። እኔ ማሳል ጀመርኩ፣ ጋሼ ጮክ ብለው "በስመ አብ" አሉ፤ ዕቃው ግን የማንንም ሳል ከቁም ነገር ሳይቆጥር እስኪያልቅለት ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ደግሞ ባሰ።

አበረ ወደ ድንኳኑ አየ። ጣሊያኑ አገጩን ነው የሚላጨው። "ወዲህ ኑ" አለና ክንዴን ጨምድዶ ከአጋሙ ቁጥቋጦ ጀርባ ወሰደን። ጠመንጃውን ጋሼ ደረት ላይ ደገነ።

"ይኼን ጩኸት አውቀዋለሁ። ማርቆስ ስንሰለፍ አንድ ጣሊያን በዚህ ዓይነት ዕቃ አንስቶናል። መጽሐፍ አይደለም።"

የጋሼ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ጣሊያኑን እጠራዋለሁ" አለ አበረ። "ካልጠራሁት እኔን ነው የሚገድለኝ።"

አፉን ሲከፍት አየሁ። ያኔ አፌ እኔን ሳያማክር ተናገረ። "ጥራው። ፊትህ ግን ገብቷል።"

"ምን?"

"ሲጮህ ምን ያደረገ መሰለህ? ዓይኑ ባንተ በኩል ነበር። ጣሊያኑ አጥቦ ሲያየው የሚያገኘው አንተን ነው፤ ቆብህን አውልቀህ የአርበኞችን ዕቃ ስትስም። እስኪ ያኔ አላውቃቸውም በለው።"

ውሸቴን ነው። ዓይኑ በለምድ ተሸፍኖ የበግ ጠጉር ነው የሚያየው። ግን አበረ ግንባሩን ዳበሰ፣ አንድ ነገር ከላዩ የተወሰደ ይመስል። መልሶ ይጠራል ወይም ይተኩሳል ብዬ ስጠብቅ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ።

"አውጡልኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ፊቴን! አውጡልኝና ሂዱ።"

ይኼን አላሰብኩም። ፊቱን ለማውጣት ፊልሙ መውጣት አለበት፤ ፊልሙ ፀሐይ ካየ ደግሞ እትዬ አይናዲስም፣ ስሙን የጮኸው ሰው ሁሉም የለም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ማኅደሩ ሲሰዱ አበረ በአፈሙዙ ገፋቸው። "አንተ አትንካው። እሷ ታውጣው።"

በርኖሱን ዘረጋሁ። "ጨለማ ይፈልጋል" አልኩት፤ ካሜራውንና ቆርቆሮውን ከተትኩበት። እጄን አስገባሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ያልተነሳውን ወፍራሙን ለባንዳው፣ የተነሳውን ቀጭኑን ቆርቆሮው ውስጥ። ቀላል ነው፣ ስንቴ ሠርቼዋለሁ። አንዱን ጥቅል ያዝኩ። ሌላውን ያዝኩ።

እኩል ናቸው።

እንደገና ዳሰስኩ። ያ ሁሉ ጥርርር ፊልሙን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲያዞር ነበር ለካ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ እጄ ታስሯል፣ አልጠርገው። ጋሼ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመሩ፤ እንዲረዳኝ ብለው ይሁን ፈርተው አላውቅም።

"አቤሬ!" ብሎ ጠራ ጣሊያኑ።

"ሲ፣ ሲኞሬ! እፈትሻለሁ!" አለና አበረ ወደኔ ጎንበስ አለ። "ቶሎ በይ፣ አንቺ! ፎጣውን አንስቷል፣ ሊመጣ ነው!"

በመሀላቸው ያለውን ፊልም ጎትቼ በጠስኩት። የግራው ትንሽ ቀጠን ያለ መሰለኝ። መሰለኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት፣ ገጠምኩት፣ የቀኙን ይዤ ወደ ፀሐይ አወጣሁ።

አበረ ነጥቆኝ ተረተረው። እንደ ጭስ ግራጫ ነው፣ ምንም ሰው የለበትም። ቀስ እያለ በፀሐዩ መጥቆር ጀመረ። አበረ ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

"ይኼ ነኝ?"

"ነህ" አልኩት።

"እየጠፋሁ ነው?"

"ጠፍተሃል። ሂድ በቃ፣ ንጹሕ ነህ።"

በጫማው ጭቃ ውስጥ ረገጠው። ከዚያ ቆቡን አደረገና ጮክ ብሎ፣ "ይለፉ መምሬ! ይቺን ምላሳም ግን አደብ ያስይዟት!" አለ። ጣሊያኑ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ብቅ ሲል እኛ መንገድ ላይ ነበርን። ጀርባዬ ጥይት ሲጠብቅ ሰፊ ሆኖ ተሰማኝ፣ እንደ አውድማ። ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ወፍራሙን ነው የሰጠሽው?"

"ወፍራም አልነበረም" አልኳቸው። "ቀጭንም አልነበረም። እኩል ሆኑብኝ።"

ቆርቆሮውን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ከፍተን ብናየውስ?" አልኩ።

"ከከፈትነው የለም። ሲታጠብ ነው የሚታወቀው።"

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ባዘዘው የበቅሎውን ኮርቻ እየጫነ አገኘነው፤ አጭር፣ ኮስታራ ሰው ነው። ቆርቆሮውን ተቀብሎ ነቀነቀው።

"ምን አለበት?"

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሊዋሹለት እንደሆነ ገባኝ። አዘንኩላቸው፣ ውሸት አይሆንላቸውም። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን የዋሸሁት ይበቃኝ ነበር።

"ወይ መንደራችን አለበት" አልኩት፣ "ወይ ምንም የለበትም። ጨለማ ውስጥ ነው የለየሁት። ተሳስቼ ከሆነ ለባዶ ነው የምትሄደው።"

ባዘዘው እኔን አየኝ፣ ጋሼን አየ። "ይቺ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?"

"ትብሳለች" አሉ ጋሼ።

ቆርቆሮውን እያገላበጠ ቆየ። ይተወው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ይወስደው ይሆን ብዬም ፈራሁ፤ አሁን አንገቱን የሚሰጠው እሱ ነዋ።

"ጣሊያን ቢይዘኝ" አለ በመጨረሻ፣ "አጥቦ አይቶ አይደለም የሚሰቅለኝ። ለሱ ሁለቱም አንድ ነው።" ቆርቆሮውን ጨርቅ ጠቅልሎ የበቅሎው እህል ውስጥ ቀበረው። "ልዩነት ያለው ለናንተ ነው። ልሂድ ወይስ ልተወው?"

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቅኔ የቆጠሩ፣ አዲስ አበባ የኖሩ፤ እኔን ነው የሚያዩት። እትዬ አይናዲስ ልጇን ስትጠራ አፏ እንዴት እንደተከፈተ አሰብኩ። ያ አፍ ቆርቆሮው ውስጥ ይኑር፣ ጭቃው ውስጥ ይቅር፣ ማን ያውቃል።

"ሂድ" አልኩት።

ድምፄ በጣም ቀጭን ስለነበር ሁለቴ ነው ያልኩት። ባዘዘው በቅሎውን ሳበ። ከደብሩ ጥዶች ባሻገር ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ እዚያ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት፤ እየሄደ ሳለም ተመልሰህ ና ልለው ነበር።