የመጨረሻው የመልእክት ሰዓት

ቤኔዲክታ የመልእክት ሣጥኑን ገልብጣ ወዘወዘችው። ሁለት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ወደቀ።

"ሁለት ብቻ?" አለ ቴክኒሻኑ ዊልበር። "ድሮ እኮ ሰው በሩ ላይ ይጋፋ ነበር።"

"አሁን ሁሉም ስልኩን በኪሱ ይዟል።"

"ቆልፓኒ ግን ስልክ አይሠራም፣ እትዬ ቤኔዲክታ።"

ቤኔዲክታ ወረቀቶቹን ለቀመች። ቆልፓኒ የታናሽ እህቷ የኢላሪያ መንደር ነው። ዊልበርም ያነሣው ሆን ብሎ ነው።

ሁለቱ የሚሠሩበት የፑኖ ደጋ የሕዝብ ሬዲዮ ንጋት ላይ ዘፈን፣ ቀጥሎ የድንችና የበግ ዋጋ ያሰማል። ስድስት ሰዓት ሲሆን የመልእክት ሰዓት ይገባል፤ "ቅዳሜ እመጣለሁና አህያ ይዘህ መንገድ ላይ ጠብቀኝ" የሚል ዓይነት። ቤኔዲክታ ይህን ማንበብ ከጀመረች ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከሰኞ ጀምሮ ግን ሰዓቱን ከዋና ከተማው የሚተላለፍ የስፖርት ወሬ ይወስደዋል።

በዚህ ሰዓት "ሞተ" ተብሎ አይነበብም። "በጠና ታሟል፣ ፈጥነህ ድረስ" ከተባለ ደጋው ሁሉ ይገባዋል፤ ዘመድ ጥቁሩን ለብሶ ይነሣል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እናታቸው ስታርፍ መልእክቱን ራሷ ቤኔዲክታ ጻፈች፣ ራሷ አነበበች። "በጠና" የሚለው ላይ ስትደርስ አፏ እምቢ አላት። ኢላሪያ ብቻዋን ድንች ስትቆፍር ታየቻትና "እናታችንን ትንሽ አሟታል" አለች። ኢላሪያም ድንቿን ሰብስባ፣ በአራተኛው ቀን ብርቱካን ይዛ ለጥየቃ መጣች። ያገኘችው መቃብር ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ቤኔዲክታ ባልም ልጅም የላትም። ድምጿን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም፤ ቤቷ ስትገባ ግን እንዴት ዋልሽ የሚላት አታገኝም። ብቸኝነቱ ከእናቷ ሐዘን ይልቅ ከብዷታል።

"የራስዎን መልእክት ለምን አያነቡም?" አለ ዊልበር።

"ከሞት በቀር የአንባቢ ጉዳይ አየር ላይ አይወጣም። ደንቡን ታውቃለህ።"

"ደንቡም እኮ ከሰኞ ጀምሮ የለም።"

"ኢላሪያ ድምጼን ስትሰማ ሬዲዮውን ብትዘጋውስ?"

"ጎረቤት ይነግራታላ።"

"ሄጄ የሚጠብቀኝ ባጣስ? አገር ምድሩ ጉዴን ሰምቶ?"

"ጉዱንማ ከሰማ አሥራ አንድ ዓመቱ። ያልሰማው መጨረሻውን ነው።"

የስርጭቱ ቀይ መብራት በራ። ስለጠፋ በግና ስለዘር ድንች የመጡትን ሁለቱን መልእክቶች አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነበር።

"ቆልፓኒ ለምትገኘው ለኢላሪያ ቾኬ። ማክሰኞ በጭነት መኪናው እመጣለሁ። ከቻልሽ መታጠፊያው ላይ ጠብቂኝ። ካልቻልሽም መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በእግሬ እወጣለሁ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዊልበር ዘፈን ሊለቅላት እጁን ሲዘረጋ በመዳፏ ከለከለችው።

"የቆልፓኒ ሰዎች፣ ይህን ስታደርሱላት አንድ ቃል እንዳትቀንሱ። እህትሽ ቤኔዲክታ ነኝ። ያኔ ትንሽ አሟታል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እናታችን ሞታ ነበር። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።"